አሮጌው መኪና ሞተሩን ይለውጥ ወይ?

በጃጁራ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በጃጁራ በገበያ ቀን የምናየው አህያና ፈረስ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል፣ ደግሞም እህል የጫነ አይሱዙ ነው። «የድሮ መኪና፣ የስፖርት መኪና እያሉ ማውራት እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን ስናየው የነዳጅ ነገር፣ የመብራት ነገር፣ የወፍጮ ነገር፣ የውርስም ነገር በውስጡ አለበት።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ብዙ ዓመት ያስቆጠረ፣ ባለቤቱ የሚሳሳለት፣ በቤንዚን የሚሄድ መኪና አለ እንበል። ሞተሩ ወጥቶ በምትኩ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ይግባበት ወይ? ወይስ እንደተሠራ ይቆይ?

ታዲያ ይህ ጥያቄ ለምን አሁን መጣ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንዲህ ያለውን ክልከላ በማድረግ ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ነዳጃችን ከሞላ ጎደል በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል በቦቴ እየተጫነ ይመጣል። ኤሌክትሪካችን ግን አብዛኛው ከራሳችን ወንዝ ነው። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። ከሶሮ በስተምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ፣ ላይ ጊቤ ታች ኦሞ እየተባለ የሚጠራው፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ሲደርስ የጊቤ ሦስተኛን ተርባይኖች ያዞራል። የዚያ ጣቢያ አቅም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማደያው ባዶ ሆኖ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በመንገድ ዳር ሲሸጥ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

እንግዲህ ለአዲስ መኪና ነገሩ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው አሮጌው ነው።

አሮጌ መኪና ስንል በአገራችን ብዙ ዓይነት አለ። መኪና ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ አንድ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ፊያቱም፣ ላንድሮቨሩም፣ ፔጆውም፣ ላዳውም መጣ። ሰው በልቡ ያስቀመጠው ግን ቮልስን ነው። ቮልስዋገን ሙሉ ስሙ ነው፤ እኛ አሳጥረን ቮልስ አልነው። የመምህሩ፣ የነርሱ፣ የጸሐፊው፣ ባጠቃላይ የደመወዝተኛው መኪና ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ ስላልሆነ ራዲያተር የለውም። ዳገት ላይ ቆሞ ውሃ የሚለምን መኪና በበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በታሪካችንም ውስጥ ገብቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ተጭነው የወጡት በቮልስ ነው። በሊሙዚን የሚሄዱ ንጉሠ ነገሥት በደመወዝተኛ መኪና መወሰዳቸውን ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«ቮልስ የስፖርት መኪና ነው እንዴ?» ትሉን ይሆናል። አይደለም። ግን የስፖርት መኪና አባት ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል መሐንዲስ ነው። ንድፉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በናዚ መንግሥት ትእዛዝ ነው፤ መኪናው በብዛት መመረት የጀመረው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በዚሁ ቤተሰብ ስም የተጠራው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና፣ ፖርሽ 356፣ ብዙ ዕቃው የቮልስ ዕቃ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ፖርሽ 911 መጣ። እርሱም እንደ ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነበር።

አሁን የሚገርመውን እንንገራችሁ። ይኸው ፈርዲናንድ ፖርሽ ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የቀረበ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ሠርቷል። ሞተሮቹ በፊት ጎማዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ ባትሪው ብቻ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ክብደቱ ስላስቸገረው በዚያው ዓመት ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ባትሪውን ቀነሰና ቤንዚን ሞተር ጨመረበት፤ ቤንዚን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ ጎማውን ያዞራል። ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው ይህ ነው። ሃይብሪድ ማለት ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው፣ ድቅል መኪና ማለት ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ለጥንታዊ መኪና እንግዳ ነው» የሚሉ ሰዎች ታሪኩን አላጠሩትም። አባትየው ከኤሌክትሪክ ነው የጀመረው።

አሁን ከመኪናው ወጣ ብለን ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። ይህን ሁላችሁም ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ድሮ ወፍጮ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በድምፁ ነበር። ዱክ ዱክ ዱክ ሲል እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ይነሣሉ። ናፍጣ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል። ኋላ መብራት ሲገባ ባለ ወፍጮዎች ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዞሩ። ያን ጊዜ «ወፍጮው ጠባዩን አጣ» ብሎ ያለቀሰ ሰው ነበር? አልነበረም። ምክንያቱም ወፍጮ የሚፈለገው ለዱቄቱ ነው። ታዲያ መብራት ሲጠፋስ? እናቶች እህሉን ተሸክመው ይመለሳሉ፣ ወይም እዚያው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ብልኅ የሆነው ባለ ወፍጮ ግን አሮጌውን የናፍጣ ሞተር አልሸጠውም። ጥግ አስይዞታል፤ መብራት ሲጠፋ ቀበቶውን ወደ እርሱ ያዞራል። ይህ ሰው ሃይብሪድ የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም ይሆናል፣ ነገሩን ግን ሠርቶታል።

ለሥራ የሚውል መኪናም እንደ ወፍጮ ነው። ሚኒባስም፣ ባጃጅም፣ የጭነት መኪናም የሚፈለገው ለሚያደርሰው ሰውና ዕቃ ነው። በኤሌክትሪክ ቢሄድ እሰየው ነው። ደግሞ ለእኛ ለደገኞች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ቤንዚን ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቮልስን የመሰለ ተርቦ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እንግዲህ አስቡት፤ ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛው ገና ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፤ ባሕር ዳርቻም ደጋም ለእርሱ አንድ ነው። ወደ ጊቤ ቆላ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ይሆንና ኮረንቲ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቤንዚን መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያቃጥላል እንጂ ቤንዚን አይመልስም።

ግን መኪና ሁሉ ወፍጮ አይደለም። በቤታችሁ የአያት ጦር ወይም ኮርቻ ተሰቅሎ ይሆናል። በዚያ ጦር ዛሬ ማንም አያድንበትም። አንድ ሰው መጥቶ «እንጨቱ አርጅቷል፣ በብረት ቧንቧ ልቀይርላችሁ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? የሚወደድ አሮጌ መኪና ከዚህ ዓይነት ነገር ይመደባል። ችግሩ አንድ መኪና ባንድ ጊዜ ጦርም ወፍጮም መሆኑ ላይ ነው።

በውጭ አገር ይህ ነገር ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሲያገባ ሙሽሮቹ የሄዱበት እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ጃጓር ነበር፤ ሞተሩ ወጥቶ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተደረገ ነው። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ «ያ ድምፅ የሌለው ጃጓር ምን ጃጓር ነው?» አለ። በቀጣዩ ዓመት የቮልስ ፋብሪካ ራሱ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የድሮ ቮልስ አሳየ። ባንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተባለ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያ መኪና ቡታጅራ ላይ ሻይ እየጠጣ ካልተሞላ ሆሳዕና አይገባም ማለት ነው። ክብደቱም ወደ 1,280 ኪሎ ደርሷል፤ የድሮው ቮልስ ግን 800 ኪሎ ገደማ ነበር። ባትሪ ከባድ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽን በ1900 ያስቸገረው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላም ጨርሶ አልለቀቀም።

የጥንታዊ መኪና ባለቤቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ፊቫ ይባላል። የእርሱ አቋም ግልጽ ነው። ታሪካዊ መኪና የሚባለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በታሪኩ ትክክለኛ በሆነ ሁኔታ የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መመላለሻ የማይውል ነው። ሞተሩ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ መኪና በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። ማኅበሩ ማንንም አይከለክልም፤ ሆኖም ታሪካዊ ብሎ አይጠራውም። ብዙ ሰው ይህን አቋም ግትርነት ይለዋል። እኛ ግን ምክንያት ያለው ይመስለናል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ መኪና የሚያቃጥለው ቤንዚን በየቀኑ ሲመላለስ የሚውለው ሚኒባስ ከሚያቃጥለው ጋር አይወዳደርም። አየሩን ለማዳን ከሙዚየም መኪና መጀመር፣ ቤት እየተቃጠለ ሻማ እንደ ማጥፋት ነው።

ፖርሽ 911ም ሆነ የእርሱ ወገኖች ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካው በነፋስ የሚቀዘቅዘውን ሞተር ትቶ በውሃ ወደሚቀዘቅዘው ሲዞር ወዳጆቹ «911 ሞተ» ብለው አለቀሱ። አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ለመንገድ የተሠራው የመጀመሪያው ሃይብሪድ 911 ወጣ። ትንሽ ባትሪ ብቻ ነው የያዘው፤ ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ ኤሌክትሪኩ ቤንዚን ሞተሩን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። በክብደት የጨመረው 50 ኪሎ ያህል ነው። ፋብሪካ በአዲስ መኪና ላይ እንዲህ ቢያደርግ መብቱም ሥራውም ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው 911 በቦታው አለ፣ ማንም አልነካውም። አዲስ ነገር መሥራት ሌላ፣ የነበረውን ቆርጦ መለወጥ ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት የባቡራችን ነገር በደንብ ያሳየናል። የፈረንሣዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ያን ጊዜ የድሮዎቹን ባቡሮች ሞተር አውጥቶ ኤሌክትሪክ ያስገባባቸው ሰው የለም። አዲስ ሐዲድ ተዘረጋ፤ አሮጌዎቹ ድሬዳዋ ባለው ጣቢያ ቆመዋል፤ ሰው እየሄደ ያያቸዋል። ልጁም «አያቴ የተጓዘው በዚህ ነው» ይላል።

አሁን ወደ አገራችን ጓዳ እንመለስ። ሆሳዕና ውስጥ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ አለ፤ ስሙን አንጠራም። አባትየው መምህር ነበሩ፤ ሲሞቱ አንድ ቮልስ ትተው አለፉ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ታላቁ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። «ሞተሩ ይውጣና ኤሌክትሪክ ይግባበት፤ እማዬ ሐኪም ቤት ስትሄድ ቤንዚን እየፈለገች መንከራተት የለባትም» ይላል። መካከለኛው ተሽጦ ገንዘቡ ይከፋፈል ባይ ነው። ትንሿ ልጅ ደግሞ አባቷ ከሥራ ሲመለሱ በር የምትከፍተው ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ነበር። ጉዳዩን ይዘው አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ከወጣ ድምፁ ይኖራል?» ብላ ጠየቀች።

«አይኖርም፣ ልጄ። ኤሌክትሪክ ድምፅ የለውም» አሏት።

«እንግዲያው የአባባ መኪና አይሆንማ!»

ታላቅየው ተቆጣ። «እናታችን በድምፅ አትታከም! ሌሊት ብትታመም በምን ልናደርሳት ነው?» አላት። መካኒኩ ሁለቱንም ዝም አሰኝተው ሞተሩን ፈታ አድርገው አዩት። የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል፣ ካርቡራተሩ ቆሽሿል፤ የቀረው ደኅና ነው። «ይህ አልሞተም፤ ተኝቷል» አሉ። እናትየዋ ሲጠየቁ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብለው ዝም አሉ። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ቁልፉ አሁንም እርሳቸው ዘንድ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ማን ልክ ነው? ልጅቷም ታላቋም ልክ ናቸው፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ሁለት መኪና ነው። እርሱ ስለ መጓጓዣ ይናገራል፣ እርሷ ስለ አባቷ ትናገራለች። ለእናትየዋ ሐኪም ቤት መድረሻ የሚያስፈልጋቸው አስተማማኝ መኪና ነው። ያን ከሃምሳ ዓመት ቮልስ መጠበቅ፣ በቤንዚንም ይሁን በኤሌክትሪክ፣ ብልኅነት አይመስለንም። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ላሜራውም ያው የድሮው ነው፤ ከባድ ጭነት ሲጨመርበት እነዚህ ሁሉ አብረው መጠናከር አለባቸው። ባትሪው ብቻውን ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ገንዘብ ቮልሱን ማስጠገንና ለሌሊት ችግር ባለ ባጃጅ ጎረቤት ጋር መዋዋል ይቻላል። ይህ የእኛ አስተያየት ነው።

ይሁን እንጂ «ፈጽሞ አይነካ» ከሚሉትም ጋር አንስማማም። ሞተሩ ተሰንጥቆ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ መኪናው ዶሮ ማደሪያ ሊሆን ከተቃረበ፣ በኤሌክትሪክ ቢሄድ ይሻላል። መንገድ ላይ ያለ መኪና ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ልጆች ያዩታል። ብቻ አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ላሜራው አይቆረጥ፣ ሻንሲው አይበሳ። አዲሱ ሞተር በድሮው ብሎን ቀዳዳ ይታሰር፤ ነገ የልጅ ልጅ ልመልሰው ቢል መመለስ ይችል ዘንድ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቦሎ ሲታደስ ችግር ይመጣል።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ፤ የመካኒኮቻችን ነገር። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣልያኖች የወረስነው ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ኮፈን እንላለን። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ፍሬንና ኮፈን ይተርፉ ይሆናል። ቃሉ ቢጠፋ ግድ የለም፤ በእነዚያ ቃላት እንጀራ የሚበላው ሰውስ? ሞተርን በጆሮው ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው በኮምፒዩተር የሚመረመር መኪና ፊት ሲቆም አዲስ ተማሪ ነው። እናንተ በዚህ ዕድሜያችሁ ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የደረሳችሁ ሰዎች ይህን ሰው ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ሥልጠናው ከአዲስ አበባ አልፎ ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ ጃጁራም መድረስ አለበት። ሳይማሩ መንካት አደገኛ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ሆኖ ሰው ይገድላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት ይበልጣል። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ሽቦ ካያችሁ ከፍተኛ ኃይል ያለበት ነውና ያልሠለጠነ እጅ አይንካው።

በመጨረሻም አሮጌ ሞተር ያወጣችሁ እንደሆነ አትጣሉት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዥም አትሽጡት። ዘይቱን ለውጡለት። ካንዴላዎቹን ፈታችሁ በየቀዳዳው ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ሞተሩንም በእጅ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩት፤ ይህ ውስጡ እንዳይዝግ ይረዳል። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሳችሁ እሰሩ፤ አየር መግቢያውንና ማርሚታው የሚገጠምበትን ቀዳዳ በጨርቅ ውተፉ፣ አይጥ ጎጆ ይሠራበታልና። በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ አኑሩት፤ በሸራ ሸፍኑት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ። አሁን መጻፍ ስለምትችሉ የሞተሩን ቁጥር፣ የወጣበትን ቀንና ያወጣውን ሰው ስም ራሳችሁ ጻፉ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።